ዕፅዋት በዓሣ መኖ ውስጥ፦ የአንጀት ባክቴሪያን ከመደገፍ የመድኃኒት መላመድን እስከ መከላከል

ጉለሌ ክፍለ ከተማ የዓሣ ሀገር አይደለም። ሐይቅ የለውም፤ ከእንጦጦ ኮረብቶች ወደ ከተማዋ የሚወርዱት ጅረቶችም ቀጫጭንና ቀዝቃዛ ናቸው። ይሁን እንጂ በሀገሪቱ ገና በማቆጥቆጥ ላይ የሚገኘው የዓሣ እርባታ ነገ የሚገጥመው አንድ ከባድ ጥያቄ ሁለት ጫፎቹ በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። አንደኛው ጫፍ በተለምዶ ፓስተር እየተባለ በሚጠራው አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ሌላው ከፍ ብሎ በተራራው ግርጌ የተንጣለለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። ጥያቄውም በኩሬ የሚረባን ዓሣ ከበሽታ ለመጠበቅ መኖው ውስጥ መድኃኒት ይጨመር ወይስ በአንጀቱ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚደግፉ ዕፅዋት ይጨመሩ የሚል ነው።

ከሁለቱ ተቋማት አንዱም ለዓሣ ተብሎ የተቋቋመ አይደለም። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ1987 ዓ.ም. ብሔራዊ የጤና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትና የጤና ሚኒስቴር የባህል መድኃኒት መምሪያ ተዋሕደው የፈጠሩት ተቋም ሲሆን፣ አሁን የሚጠራበትን ስያሜ ያገኘው በ2006 ዓ.ም. ነው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ሀገር አቀፍ ቅኝት የሚስተባበረው ከዚሁ ግቢ ነው። የዕፅዋት ማዕከሉ በበኩሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደ 705 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል። የአንደኛው ሥራ ባክቴሪያን፣ የሌላው ሥራ ዕፅዋትን ማወቅ ነው። የዓሣ መኖ ጉዳይ ሁለቱን ዕውቀቶች በአንድነት የሚጠይቅ ነው።

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በአመዛኙ እንደ ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጫሞ ካሉ ሐይቆች እንዲሁም ከግድቦችና ከወንዞች የሚጠመድ ነው። በኩሬ የሚረባው ከጠቅላላው ምርት እጅግ ጥቂቱን ድርሻ ይይዛል። በእርባታ ረገድ ተመራጭ የሆኑት ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ፣ አምባዛና ካርፕ ሲሆኑ፣ ጫጩቶችን በማባዛትና ለሀገር ውስጥ መኖ የሚሆኑ ግብዓቶችን በመሞከር ረገድ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ቀዳሚውን ሥፍራ ይዟል። የሐይቆቹ ምርት ገደብ አለው። የከተማው ፍላጎት በተለይም በዐቢይ ጾም ወራት ከፍ ይላል። በመሆኑም የኩሬ እርባታ መስፋፋቱ የጊዜ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

እርባታው ሲስፋፋ በሽታ አብሮ ይመጣል። በሐይቅ ውስጥ ተበታትኖ የሚኖር ዓሣ በኩሬ ሲታጎር ውኃውን፣ ኦክስጅኑንና ዓይነ ምድሩን ይጋራል። ኤሮሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ በጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ሁሌም አለ፤ ጤነኛ ዓሣን ብዙም አይደፍርም። ዓሣው በመጨናነቅ፣ በውኃ መበከል ወይም በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ሲዳከም ግን ቆዳውን እያቆሰለና የውስጥ አካሉን እያደማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩሬውን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። በበርካታ ሀገሮች የነበረው ፈጣን መልስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ከመኖ ጋር ቀላቅሎ ወደ ኩሬው መበተን ነበር።

የዚህ መልስ ዋጋ ቆይቶ ታወቀ። ለአንድ ላም መርፌ ሲሰጥ የታመመችው ላም ብቻ መድኃኒቱን ታገኛለች። በኩሬ ግን የታመመውም ጤነኛውም እኩል ይመገባል። በጣም የታመመው እንዲያውም መመገብ ስለሚያቆም መድኃኒቱ የሚደርሰው ለማይፈልገው ዓሣ ነው። በዓሣ እርባታ በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በአነስተኛ መጠን በመሆኑ አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃውና ወደ ደለሉ ይመለሳል። በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ መድኃኒቱን ይላመዳሉ፤ የተላመዱበትን ዘረመልም ለሌሎች ባክቴሪያዎች፣ ሰውን ለሚያጠቁት ጭምር፣ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና የተገለጸውና ለመጨረሻ አማራጭ የሚቀመጠውን ኮሊስቲን የተባለ መድኃኒት የሚያከሽፈው ዘረመል ከእርባታ እንስሳት ጋር የተያያዘ ሆኖ መገኘቱ ዓለምን አስደንግጧል። ቻይና በ2017 ኮሊስቲንን ለእንስሳት ማፋፊያነት ማዋልን አቁማለች። የአውሮፓ ኅብረት ማንኛውንም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለማፋፊያነት መኖ ውስጥ መጨመርን ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የሚዘልቅ፣ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድነት የሚያይ የመድኃኒት መላመድ መከላከያ ስትራቴጂያዊ ዕቅድ አውጥታ ነበር።

ዕፅዋት ወደዚህ ታሪክ የሚገቡት እንደ አማራጭ ነው። አማራጭነታቸውን ለመመዘን ግን አስቀድሞ የዓሣን አንጀት ማወቅ ያስፈልጋል።

የቆሮሶ አንጀት ከሰውነቱ ርዝመት በርካታ እጥፍ የሚረዝም፣ በሆዱ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ነው። አልጌና ሌሎች ዕፅዋትን የሚመገብ ዓሣ በመሆኑ ረጅም የመፍጫ ጊዜ ያስፈልገዋል። የአምባዛ አንጀት ግን ሥጋም ስለሚበላ አጠር ይላል። በሁለቱም ውስጥ በእያንዳንዱ ግራም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ዓሣ የሚኖረው በባክቴሪያ በተሞላ ውኃ ውስጥ እንደመሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር አዳዲስ እንግዶች ወደ አንጀቱ ይገባሉ። የትኞቹ ሰፍረው እንደሚቀሩና የትኞቹ ታጥበው እንደሚወጡ የሚወስኑት የአንጀቱ አሲድ፣ ሐሞት፣ ግድግዳውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽና አስቀድመው የሰፈሩት ነባር ባክቴሪያዎች ናቸው።

ነባሮቹ ባክቴሪያዎች ተመጽዋቾች አይደሉም። ዓሣው ራሱ የማይፈጨውን አሰር አብላልተው አሴቴትና ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ያመነጫሉ፤ እነዚህም የአንጀቱን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባሉ። በቆሮሶ አንጀት በብዛት የሚገኘው ሴቶባክቴሪየም የተሰኘ ባክቴሪያ ቫይታሚን ቢ12 ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ቆሮሶ ይህን ቫይታሚን ከመኖው ባያገኝ እንኳ ከአንጀቱ ባክቴሪያዎች ስለሚያገኝ እጥረት አይታይበትም። በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ሌላ ምርምር ደግሞ ዜብራ ዓሣ የተባሉ ትናንሽ ዓሦችን ከማንኛውም ባክቴሪያ ነፃ አድርጎ በማሳደግ፣ ባክቴሪያ የሌለው ዓሣ የአንጀቱ ሕዋሳት እንደሚገባቸው እንደማይታደሱ አሳይቷል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በመኖ ሲሰጥ ጎጂዎቹ ብቻ ሳይሆኑ እነዚህም ይጠረጋሉ፤ ባዶ የቀረውን ሥፍራ ፈጥኖ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን የተላመደው ነው።

ከተሞከሩት ዕፅዋት መካከል ነጭ ሽንኩርትን ያህል ብዙ የተጻፈበት አይገኝም። በአፍሪካ ከፍተኛውን የእርባታ ዓሣ በምታመርተው በግብፅ የተካሄዱ ተደጋጋሚ ሙከራዎች፣ በቆሮሶ መኖ ውስጥ በተመጠነ መልኩ የተጨመረ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ዕድገትን እንደሚያሻሽልና በኤሮሞናስ ሲጠቃ የሚሞተውን ዓሣ ቁጥር እንደሚቀንስ አመልክተዋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲቀጠቀጥ አሊሲን የሚባል፣ ሽታውንም የሚሰጠው ውህድ ይፈጠራል፤ ይህ ውህድ ብዙ ዓይነት ጎጂ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። በሌላ በኩል ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን በሚባል የስኳር ሰንሰለት የበለጸገ ነው። ፍሩክታንን ዓሣው አይፈጨውም፤ አሰር አብላዮቹ ባክቴሪያዎች ግን ይመገቡታል። አንዱ ራስ ሽንኩርት ለአንዱ ወገን ጠላት፣ ለሌላው ስንቅ ሆኖ ይገባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ነጥብ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። አሊሲን ባልተቀጠቀጠው ሽንኩርት ውስጥ የለም። የሚፈጠረው ሁለት በተለያየ ክፍል የተቀመጡ ነገሮች፣ ማለትም አሊኢን የሚባለው ውህድና አሊኔዝ የሚባለው ኢንዛይም፣ በመቀጥቀጥ ሲገናኙ ነው። ኢንዛይሙ ደግሞ ሙቀት አይችልም። ሳይቀጠቀጥ የተቀቀለ ወይም በከፍተኛ ሙቀት የደረቀ ነጭ ሽንኩርት ስሙ እንጂ ኃይሉ የለም። መኖን በእንፋሎት አሙቆ እንክብል የሚያደርግ ፋብሪካም ይህንኑ ሊያደርስ ይችላል። «ነጭ ሽንኩርት ያለበት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መኖ ሁሉ እኩል አይደለም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሀገራችን ደጋ ልዩ ዕፅ የሆነው ጦስኝም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። በዘይቱ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያን ሽፋን በመበሳት የታወቁ ናቸው። በሌላው ዓለም ከሚበቅሉት የጦስኝ ዘመዶች የሚወጡት እነዚሁ ውህዶች በዓሣ መኖ ውስጥ ተሞክረው በጎ ውጤት ታይቶባቸዋል። የእኛ ጦስኝ ግን እንደበቀለበት ቦታ ይለያያል። በአንዱ ተራራ የተለቀመው ታይሞል ሲበዛበት፣ በሌላው ካርቫክሮል ይበዛበታል። ሁለቱም ተን በመሆናቸው በጠራራ ፀሐይ የተሰጣ ጦስኝ ከሚሸተው በላይ አጥቷል። ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብልም በተመሳሳይ ተሞክረዋል፤ ውጤታቸው በአብዛኛው ተስፋ ሰጪ ቢሆንም እንደ መጠኑና እንደ ዓሣው ዓይነት ይዋዥቃል።

ዕፅ በመሆኑ ብቻ ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ሊጸና የማይገባው ነው። ምክንያቱም አባቶቻችን የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ወደ ውኃ በመበተን ዓሣን ሲያደነዝዙና ሲያጠምዱ ኖረዋል። ብርብራ ሮቴኖን የተባለና የዓሣን ሕዋሳት ከኦክስጅን እንዳይጠቀሙ የሚያግድ ውህድ አለው። ሽፈራው ወይም ሃለኮ ለሰው ማዕድ የከበረ ቅጠል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የቆሮሶ ሙከራ ግን የመኖውን ፕሮቲን አንድ አሥረኛ ሲተካ ችግር ባያስከትልም ከዚያ በላይ ሲጨመር የዓሣው ዕድገት ወርዷል። ለዚህም በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ታኒን፣ ፋይቴትና ሳፖኒን ተጠያቂ ናቸው። በኖርዌይ ሳልሞን የተባለው ዓሣ በአኩሪ አተር ዱቄት ሲመገብ የአንጀቱ የኋለኛ ክፍል መቆጣቱ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚገባ የተመዘገበ ነው።

ከሁሉም በላይ ለእኛ ቅርብ የሆነው አደጋ የሻጋታ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለ መርዝ ተገኝቶባቸዋል፤ ከመነሻዎቹ ዋነኛ ሆኖ የተጠቀሰውም ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያው ፋጉሎ ለዓሣ መኖ የሚታሰብ ቀዳሚ የፕሮቲን ምንጭ ነው። አፍላቶክሲን የዓሣን ጉበት ይጎዳል፤ የአንጀቱን ግድግዳም ያሳሳል። የሻገተ ፋጉሎ ላይ ነጭ ሽንኩርት መነስነስ ቤቱ እየተቃጠለ በሩን ቀለም እንደመቀባት ነው።

የኖርዌይ ተሞክሮ በሌላ በኩልም ያስተምራል። በዚያች ሀገር ለሳልሞን እርባታ የዋለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 50 ቶን ይጠጋ ነበር፤ ምርቱ ከዚያ በኋላ በብዙ እጥፍ ቢያድግም የመድኃኒቱ መጠን ዛሬ እጅግ ዝቅ ብሏል። ይህን ያመጣው በዋናነት ክትባትና የተሻለ አያያዝ እንጂ ዕፅ አይደለም። ዕፅዋት የኩሬ ውኃን የመለወጥ፣ ዓሣን ያለማጨናነቅና ጤነኛ ጫጩት የመምረጥ ሥራን አይተኩም። ክትባት ባልተዳረሰበትና ቅዝቃዜ የቆሮሶን ምግብ መፈጨት በሚያዘገይበት ደጋማ ሀገር ግን መድኃኒት የሚጠየቅበትን ጊዜ ሊቀንሱ ይችላሉ።

ጉዳዩ ወደ መንግሥት ሠራተኛው ጠረጴዛ የሚደርሰው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ የቁጥጥሩ ኃላፊነት አስቀድሞ በዚሁ ስም ሲጠራ ከነበረው ባለሥልጣን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተዛውሯል። የዕፅዋት ተጨማሪ በመኖና በመድኃኒት መካከል ያለ ነገር ነው። ጥቅሉ ላይ «ዕድገትን ይደግፋል» የሚል እንደ መኖ፣ «ኤሮሞናስን ይፈውሳል» የሚል ደግሞ እንደ መድኃኒት ሊመዘን ይገባል። የፈቃድ ጥያቄ የቀረበለት ባለሙያ የዕፁን ስም ብቻ ሳይሆን የትኛው ክፍሉ እንደሆነ፣ እንዴት እንደደረቀ፣ የዋናው ውህድ መጠን በመቶኛ ስንት እንደሆነ፣ የሻጋታ መርዝ ተለክቶ እንደሆነና ሙከራው በየትኛው ዓሣ ላይ እንደተደረገ ቢጠይቅ ከሥልጣኑ አልወጣም። በሳልሞን የተገኘ ውጤት ለአምባዛ ማስረጃ አይሆንም።

ሙከራው በሀገር ውስጥ ቢደረግ የሚጠይቀው ወጪ ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው። ምንም ያልተጨመረበትን መኖ ጨምሮ ሦስት ወይም አራት የተለያዩ መጠኖች፣ ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ ሦስት ገንዳ፣ ወደ ስምንት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚደረግ ክብደት ልኬታና በመጨረሻ የአንጀት ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናው ሲተነተን ግን ወጥመድ አለ። የባክቴሪያን ማንነት በዘረመል ሲለዩ፣ ቅጠል የበላ ዓሣ አንጀት ውስጥ ያለው የአረንጓዴ ዕፅ ክሎሮፕላስት ዘረመል ባክቴሪያ መስሎ ይታያል። ይህን ያላጣራ ቤተ ሙከራ የበሉትን ቅጠል «አዲስ ጠቃሚ ባክቴሪያ» ብሎ ሊያበሥር ይችላል። የኩሬው ውኃና መኖው ራሱ አብረው ካልተመረመሩም በአንጀት የሰፈረውን ከአላፊው መለየት አይቻልም። ባክቴሪያን የመለየትና የመድኃኒት መላመድን የመለካት ልምድ ፓስተር አካባቢ አለ፤ ገንዳና ዓሣው ሰበታ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በመኪና ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት አይበልጥም።

ዕፁ ከየት ይመጣል የሚለውም አብሮ የሚታይ ነው። ለገበያ የሚቀርበው ጦስኝ በአብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው። ለሻይና ለወጥ ማጣፈጫ የሚለቀመው እንኳ በአንዳንድ አካባቢዎች ዕፁን እያመናመነው ሳለ፣ የመኖ ፋብሪካ በኩንታል ልግዛ ቢል ተራራው አይችለውም። ዕፁን በማሳ ለማልማት የትኛው ዘር የትኛውን ውህድ እንደሚሰጥ መለየት የዕፅዋት ማዕከል ሥራ ነው፤ በጉለሌው ማዕከል ከፍታና አየር ንብረት ላይ ሥራውን ለመሞከር የሚከለክል ነገር አይታይም።

የቀረው የገንዘብ ስሌት ነው። አንድ ኪሎ ቆሮሶ ለማድረስ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ መኖ ያስፈልጋል እንበል። ከመኖው አንድ በመቶው የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ቢሆን ለአንድ ኪሎ ዓሣ ከ15 እስከ 20 ግራም ዱቄት ይውላል። የነጭ ሽንኩርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ይህ ከ45 እስከ 60 ግራም እርጥብ ሽንኩርት፣ ማለትም እንደየመጠኑ አንድ ወይም ሁለት ራስ ማለት ነው። በሽሮ ሜዳ ወይም በአዲሱ ገበያ ጉልት ላይ የነጭ ሽንኩርትን ዋጋ የጠየቀ የቤት እመቤት ወይም አባወራ፣ አርቢው ለምን እንደሚያመነታ ለመረዳት ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም። ወጪው የሚመለሰው ከሞት የተረፈው ዓሣ ከዚያ በላይ ሲያወጣ ብቻ ነው። ለዚህም ነው መጠኑን ከአንድ በመቶ ወደ ግማሽ በመቶ ማውረድ ይቻል እንደሆነ ማወቅ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚገኝ ማንኛውም ግኝት ባልተናነሰ ለአርቢው የሚጠቅመው። ልጣጭና ለገበያ የማይሆነው ደቃቅ ሽንኩርት በርካሽ ሊገኝ ይችላል፤ እርሱም ቢሆን በጥላ ደርቆ፣ ሻጋታ ያልነካው መሆኑ ተመርምሮ ነው ወደ ወፍጮ መግባት ያለበት።